«ጠላ ባህል ነው፣ ጋንጃ ቅጠል ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይህን ያንብቡት፤ እውነቱን አይደል እንዴ?» የሚል አክሎበታል። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕሩ የሚጥም ሰው ነው፤ ወጣቱን ይወዳል ብዬም አምናለሁ። የጻፈው ነገር ግን ስላስጨነቀኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። መጠጥ የአባቶቻችን ባህል ስለሆነ ወጣቱን በእሱ መውቀስ አይገባም። ሺሻና አልፎ አልፎ የምትጨስ ሲጋራ ብዙም አይጎዱም። ጋንጃ ተፈጥሮ የሰጠን ቅጠል ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ሳይቀር ከአደገኛ ዕፆች መዝገብ ፍቆታል። የወጣቱ ችግር ሥራ ማጣት እንጂ ሱስ አይደለም። ሕጉም ቢሆን የተከለከለውን ከማጣፈጥ ያለፈ ሥራ አልሠራም።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሻሸመኔ ዘጠኝ ዓመት፣ አዲስ አበባ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ጽሑፉን የላከልኝ ልጅ 20 ዓመት ሞልቶታል፤ እሱ ያመዛዝናል። 15 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሙ ግን በዚያው ስልክ ያንኑ ጽሑፍ ያነባል። ጸሐፊው የጠራቸው ምስክሮች በሙሉ አዋቂዎች ናቸው፦ አያቶቹ፣ የሻሸመኔ ራስታዎች፣ የካናዳ ሰዎች፣ ዕድሜ ጠገብ ጎረቤቱ። በእነሱ ምስክርነት የሚሰጠው ፈቃድ የሚደርሰው ግን ለልጅ ነው። ከጽሑፉ ጋር ያጣላኝ ይኸው ነው።

«አያቶቻችን ጠላና ጠጅ እየጠጡ ኖሩ፤ ምን ሆኑ?» ብሎ ይጀምራል። እኔም ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት ነው የወጣሁት። አያቴ ለሚካኤል ማኅበር ጋኗን አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾና ብቅሉን ስታዘጋጅ ሥሯ ቁጭ ብዬ አድጌያለሁ። ጠጅ ሲጣል ደግሞ ለእኛ ለልጆች ለብቻው ማር በውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ይቀመጥልን ነበር። ጌሾ አይገባበትም፤ አያሰክርም። ጠላ ካልቀመስኩ ብሎ ያለቀሰ ልጅ ቢበዛ ቢበዛ የሚሰጠው ቅራሪ ነው፤ ዋናው ጠላ ከወረደ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የሚቀዳው ቀጭኑ። አዋቂዎቹም ቢሆኑ ምግብ በልተው፣ ተቀምጠው፣ አሳላፊ እየቀዳላቸው ነው የሚጠጡት። አንዱ ሞቅ ሲለውና ድምፁ ከፍ ሲል አያቴ በዓይኗ ትጠቅሳለች፤ አሳላፊው በሚቀጥለው ዙር ያልፈዋል። ባህል ካልን እንግዲህ ያ ነው። ዕድሜ ያውቅ ነበር፣ ልክ ያውቅ ነበር፣ የሚጠብቅ ዓይንም ነበረው።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አረቄ ቤት ቆሞ፣ በባዶ ሆዱ በመለኪያ የሚገለብጠው ከዚያ ጋር አንድ ስም ሊሰጠው አይችልም። ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል በአብዛኛው ከመቶ 6 አይበልጥም። ዳግም አረቄ ግን እስከ 45 ይደርሳል። አንዱን «ባህል» ብሎ ሌላውን በዚያው ቃል ሥር ማስገባት ብርዝና አረቄን በአንድ ብርሌ እንደመቅዳት ነው።

«ምን ሆኑ?» ለሚለውም መልስ አለኝ። አጎቴ በ41 ዓመቱ ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ጉበቱ ነበር። ቀብሩ ላይ ለጠየቀ ሁሉ «ሆዱን ታሞ ነው» ተባለ፤ አረቄ የሚለውን ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም። አያቶቻችን ምንም ያልሆኑ የሚመስለን የሆኑትን ነገር በስሙ ስላልጠራነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰው በአልኮል ሰበብ ሞቷል። ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሞት ድርሻው ጎልቶ የታየው ደግሞ በሽማግሌዎች ዘንድ አልነበረም፤ ከ20 እስከ 39 ዓመት ባሉት ዘንድ እንጂ። በዚያ ዕድሜ ከሞቱት ከመቶው 13ቱን የወሰደው አልኮል ነው። አልኮል ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ የተመዘገበውም ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ወደ ሲጋራና ሺሻ ልለፍ። ጸሐፊው በምስክርነት የጠራውን የ90 ዓመት አጫሽ ጎረቤቱን በቶሎ ልሸኘው፦ ሲጋራ ተጠቃሚዎቹን እስከ ግማሽ ድረስ ይገድላል፤ ጎረቤቱ ከቀረው ግማሽ ነው። አብረውት የጀመሩትን ለማግኘት መቃብር ቦታ መሄድ ያስፈልጋል።

«አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል ግን ሊቆየን ይገባል፤ ልጆቼን የሚያጠምደው እሱ ነውና። አንድ ልጅ ፓኮ ሲጋራ አይገዛም። አንድ ፍሬ ይገዛል፣ ከእሱ ጋር ሽታውን የሚያጠፋበት ማስቲካ ይገዛል፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተራ በተራ ይስባታል። «አጫሽ ነህ?» ብትሉት ከልቡ «አይደለሁም» ይላችኋል። ነገር ግን ጭሱ ሳንባ በገባ በ10 ሴኮንድ ገደማ ኒኮቲኑ አንጎል ይደርሳል። እያደገ ያለ አንጎል ደግሞ ከደረሰው ይልቅ ቶሎ ይለምደዋል፤ በየቀኑ ማጨስ ሳይጀምር ሐራራው የሚይዘው ልጅ አለ። አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከ10 ዘጠኝ የሚሆኑት ሲጋራ የሞከሩት 18 ዓመት ሳያልፋቸው ነው። በ30 ዓመቱ ተነሥቶ ሲጋራ የሚጀምር ሰው እምብዛም የለም። ለሲጋራ ኩባንያዎቹ በ16 ዓመቱ ያመለጠ ደንበኛ ለዘላለም ያመለጠ ደንበኛ ነው።

አንድ ነገር ጸሐፊው እንዲያስብበት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ትምባሆ የሚጠቀመው ከአዋቂው ሕዝብ ከመቶ 5 ብቻ ነበር። በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው፤ ልንኮራበት የሚገባ ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅታችንን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዓመቱ ሌላ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰ። ከ100 ሰው 95ቱ ትምባሆ በማይነካበት አገር 944 ሚሊዮን ዶላር የሚያፈስ ነጋዴ ምን አይቶ ነው? በእኔ እምነት ያየው ዛሬ የሚያጨሱትን 5 ሳይሆን ገና ያልጀመሩትን ነው። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል።

ሺሻን በተመለከተ «ጭሱ በውሃ ስለሚያልፍ ይጣራል» ብሏል። ውሃው ጭሱን ያበርደዋል እንጂ አያጣራውም። መብረዱ ራሱ ጉዳቱን ያብሳል፤ ስለማያቃጥል ልጁ በረጅሙ፣ በጥልቀት ይስበዋል። በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ ሰው ወደ ውስጥ የሚስበው ጭስ ከአንዲት ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ከላይ የሚነደውን ከሰል ደግሞ ጸሐፊው ረስቶታል። በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ ብላ እናቱ ስታስጠነቅቀው ያደገ ልጅ፣ መስኮቱ በመጋረጃ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ የዚያኑ ከሰል ጢስ በቱቦ ይስባል።

ጋንጃ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ጸሐፊውም ብዙ ቀለም ያፈሰሰው እዚያ ነው። «የተባበሩት መንግሥታት ፍቆታል» የሚለው ስሕተት ነው። የተደረገውን ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2020 በ27 ለ25 ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተዐቅቦ፣ ካናቢስን፣ ማለትም ጋንጃን፣ እ.ኤ.አ. ከ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት አራተኛ ሠንጠረዥ አወጣው። አራተኛው ሠንጠረዥ ለሕክምና እንኳ እምብዛም አይረቡም የተባሉ ዕፆች የሚመዘገቡበት ነው። ስለዚህ የተለወጠው የሕክምና ምርምር በር ትንሽ መከፈቱ ነው። ካናቢስ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች አንደኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ያን ዕለትም ነበር፣ ዛሬም አለ። ግማሹን ዜና ለልጅ መንገር ከመዋሸት ብዙም አይርቅም።

ካናዳም እንዲሁ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ፈቅዳለች። ለማን? በሕጓ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሰጠ ሰው እስከ 14 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ገደቡን 19 አድርገውታል፤ ኬቤክ ደግሞ 21። የፈቀደችው አገር ራሷ «ለልጅ አይሆንም» ብላ አጥር ሠርታ ሳለ እኛ አጥሩን ትተን ፈቃዱን ብቻ እንድንወስድ ይመክረናል።

ስለ ሻሸመኔ ራስታዎች የጻፈውን በአክብሮት ነው ያነበብኩት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ሰዎች ጎረቤቶቼ ነበሩ። የልጆቻቸው አስተማሪ ሆኛለሁ፣ ቡናቸውን ጠጥቻለሁ። ለእነሱ ዕፁ ከጸሎታቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ የማውቃቸው ሽማግሌዎችም ትምህርት ቤት አጥር ሥር ለልጅ ሲሸጡ አላየሁም። የእኔ ተማሪዎች ግን ከዚያ ሃይማኖት ጾሙንም፣ የአመጋገብ ሥርዓቱንም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡንም አልወሰዱም። የወሰዱት ጭሱን ብቻ ነው።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱን ስሙን ሳልጠራ ላንሣ። መስኮት ሥር ሁለተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሒሳብ ላይ ከክፍሉ የሚደርስበት አልነበረም፤ የሌሎችን ደብተር እየሰበሰበ ከእኔ በፊት የሚያርም ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለ መሳብ ጀመረ። መጀመሪያ «ያረጋጋኛል» ይል ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ዝምታው በዛ፤ ፈተና ወረቀት ላይ የማይነበብ ነገር ሞልቶ ይመልሳል። አንድ ቀን እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና «መምህር፣ ልጄ ራዲዮኑን ዝጉልኝ፣ ስለ እኔ ነው የሚያወራው እያለ ሌሊት ያለቅሳል» አሉኝ። ቆም ብለው ደግሞ «እኛ ቤት ራዲዮ የለም» አሉ። መጀመሪያ ጠበል ወሰዱት፣ በኋላም አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ጀመረ። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ደኅና የሚሆንባቸው ወራት አሉ። ሒሳብ ግን ተመልሶ አልመጣለትም።

ጋንጃ የሞከረ ሁሉ እንዲህ ይሆናል አልልም፤ ውሸት ይሆናል። በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ የበለጠ ይጋለጣል፤ የዚህንም ልጅ ሕመም ያመጣው ጋንጃው ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ስዊድን ውስጥ 45 ሺህ ገደማ ለውትድርና የተመለመሉ ወጣቶችን ለ15 ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት አለ። 18 ዓመት አካባቢ እስኪሞላቸው ከ50 ጊዜ በላይ የሳቡት፣ ፈጽሞ ካልሳቡት ይልቅ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዛቸው በ6 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። በ6 እጥፍ! ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ያው ቅጠል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በቁጥጥር ሥር የዋለው ጋንጃ ሲመረመር፣ የሚያሰክረው ቲኤችሲ የተባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1995 ከመቶ 4 አካባቢ ነበር፤ በ2014 ግን 12 ደርሷል። «ሱስ አያስይዝም» ለሚለውም፦ ከሚጠቀሙት ከ10 አንዱ ገደማ ይያዛል፤ በአፍላ ዕድሜው የጀመረ ከሆነ ከ6 አንዱ። አንጎል፣ በተለይ ግንባራችን ሥር ያለው «ተው፣ ቆይ አስብ» የሚለን ክፍል፣ ተሠርቶ የሚያልቀው 25 ዓመት አካባቢ ነው። ቤት ገና ሲሠራ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የሚረግጠው እግር አሻራው ይቀራል። «ተፈጥሮ የሰጠን ቅጠል» ስለተባለው ብዙ አልደክምም። ትምባሆም ቅጠል ነው፤ መርዛማው አስተናግርም በየደጃችን የሚበቅል ቅጠል ነው።

ሥራ አጥነት ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ዲግሪውን ይዞ ሦስት ዓመት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልጅ ልቡ እንደሚዝል አውቃለሁ። ነገር ግን የማስተምራቸው ልጆች የጀመሩት ሥራ አጥተው አይደለም። 15 ዓመታቸው ነበር፤ ሥራቸው ትምህርት ነበር፣ ደብተር ይዘው ነበር።

ደግሞም ማን ማንን ይወልዳል? ጸሐፊው ሳይነካው ያለፈውን ጫት ላንሣ፤ እዚህ አገር መጠጥና ሲጋራ ብቻቸውን አይመጡም። የሰፈሬን አንድ ወጣት ውሎ ላሳያችሁ። ከቀኑ 7 ሰዓት በርጫ ይቀመጣል። ሲጋራው ከጫቱ ጋር ነው የሚሄደው፤ ሌላ ጊዜ በቀን ሁለት የሚበቃው ልጅ ምርቃና ላይ አሥር ያጨሳል። 11 ሰዓት ሲሆን ዕቅዱ ብዙ ነው፦ ካምፓኒ ይከፍታል፣ ዱባይ ይሄዳል፣ እናቱን ቪላ ያስገባል። 1 ሰዓት ላይ ምርቃናው መውረድ ሲጀምር ጭንቀት ይመጣል፣ እንቅልፍም እንቢ ይላል። ያን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል፤ ገንዘብ ካለ ድራፍት፣ ከሌለ አረቄ። ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍንበት ከሌላው ሰው እጥፍ ጠጥቶ እንኳ የሰከረ አይመስለውም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን፣ ጠቡንም፣ ያለ ጥንቃቄ የሚያድርበትንም አልጋ፣ ጠዋት አያስታውሰውም። ጠዋት የሚባል ነገርም የለውም፤ 5 ሰዓት ላይ በሐራራ ይነቃል። ለዚህ ልጅ ለምኜ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ አስገባሁት። ደመወዙ ደኅና ነበር። መግቢያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሦስት ሳምንት ቆየ። ያሰናበቱት ሰውዬ ደውለውልኝ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ጠዋት አይገኝም» አሉኝ። ሥራው አጣው ወይስ እሱ ሥራውን? ጸሐፊው ጭንቀትን ያስታግሣል ያለው ነገር የነገውን ጭንቀት የሚደግሰው እንዲህ ነው።

የመጨረሻው ነጥቡ ሕግ ነው። አንድ ጥቅልል የተገኘበትን የ17 ዓመት ልጅ ከትላልቅ ወንጀለኞች ጋር ማሰር ልጁን ያጠፋዋል ብሏል። ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከረውም፤ ሐኪምና አማካሪ ነው የሚያስፈልገው። «ሕጉ ምንም አልሠራም» ማለቱን ግን አልቀበልም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በጥር 2011 ዓ.ም. ከመጽደቁ በፊት የነበረውን እናስታውስ። ኳስ ለማየት ቴሌቪዥን የከፈተ የስምንት ዓመት ልጅ ከጎል ይልቅ የቢራ ማስታወቂያ ያይ ነበር። ልጆቹ የማባዛት ሠንጠረዥ ሳይይዙ የቢራ መዝሙር ይዘው ትምህርት ቤት ይመጡ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ያ ከቴሌቪዥንና ከራዲዮ ጠፍቷል። በምግብ ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል፤ ሺሻም እንዲሁ፤ የሲጋራው ፓኮ ላይ የታመመ ሳንባ ሥዕል ወጥቷል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም ሆነ አልኮል መሸጥ አይፈቀድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም በየፓኮው ላይ 30 በመቶ ታክስና ተጨማሪ 8 ብር ጥሎበታል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። በፍሬ እስከተሸጠ ድረስ ልጅ የፓኮውን ዋጋም አይከፍል፣ ሥዕሉንም አያይ።

ይህን የማውቀው ከምሠራበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ነው። ባለሱቋ እናት ናቸው፤ ሁለት ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼ ዩኒፎርም እንደለበሱ ሲጋራ ሲገዙ አይቼ ገባሁና «እትዬ፣ ይህ ልጅ እኮ 15 ዓመቱ ነው» አልኳቸው። «እኔ ካልሸጥኩለት ማዶ ያለው ይሸጥለታል፤ እኔ ልጆቼን በምን ላብላ?» አሉኝ። አልተጣላሁም። የገደቡን ነገር ነገርኳቸው፤ 21 መሆኑን ጭራሽ አልሰሙም ነበር። ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እንዲያመጡ ከሌሎች አስተማሪዎች ጋር ሆነን ደንበኛ ሆንንላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ፓኮዎቹን ከመስኮቱ አንሥተው ከመደርደሪያው ሥር አስገቧቸው። አሁን ዩኒፎርም ያየ ዓይናቸው «ስንት ዓመትህ ነው አንተ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዱ ያፍራል፣ ማስቲካ ብቻ ገዝቶ የሚወጣ አለ።

ጸሐፊው ወንድሜ አንድ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ ደወል ሲደወል፣ ከእኔ ጋር እዚያ በር ላይ ቢቆም ደስ ይለኛል። ልጆቹን ያያቸዋል። ማዶ ያለውን ሱቅም ያየዋል፤ እዚያ አሁንም በፍሬ ይሸጣል።